እሺና እምቢ ብቻ የሚያውቅ በር

ዛሬ ጠዋት በራችን ላይ «አባወራው ደስተኛ ነው» ተብሎ ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደስተኛ አይደለሁም። አንድ ቀን «አባወራው ከፍቶታል» ብዬ ብጽፍ በሩ «እርግጠኛ ነዎት?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ቀጥሎ ከቀበሌ አንዲት ልጅ ደውላ «ጋሼ፣ ምን ጎደለዎት?» አለችኝ። የጎደለኝን መዘርዘር ስጀምር ግማሽ መንገድ ላይ ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ደስተኛ ነኝ።

ማንያዘዋል እባላለሁ። በያጅ ነበርኩ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የዚህን ሰፈር የላሜራ በር ግማሹን የበየድኩት እኔ ነኝ። ዛሬ በየበሩ ላይ መስታወት የመሰለ ሰሌዳ ለጥፈውበት «የቤቱ ፊት» ይሉታል። ከስር ያለው ላሜራ የማን እጅ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ጠዋት ጠዋት አባወራ ሁሉ ጋቢውን እንደለበሰ ደጁ ላይ ቆሞ የቤቱን ፊት ይጽፋል። የእኔ እንዲህ ነው፦

እይታ! {
    በር(ዝግ)
    አባወራ(ደስተኛ)
    እመቤት(ጤነኛ)
    እንግዳ(በቀጠሮ)
}

በቃ ይኼው ነው። ስም፣ ቃል አጋኖ፣ ቅንፍ። ማክሮ ይሉታል። ይህችን ከምታህል ነገር ማክሮው ራሱ አብጦ አብጦ ቀለሙን፣ ድምፁን፣ የበሩን መቆለፊያ፣ ፊቴ ላይ የሚለጠፈውን ፈገግታ ሳይቀር ያወጣል። ሲያብጥ ምን እንደሚሆን ግን ማንም አያይም። ራስት በሚባል ቋንቋ ነው አሉ የሚያብጠው። የአያቶቻችን ዘመን ቋንቋ ነው፤ እንደ ግዕዝ የሚያነበው ሰው እያነሰ ሄዷል፤ ከተማው ግን የቆመው በእሱ ነው። ቀበሌው ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ «የሚፈልጉትን ይናገሩ። እንዴትነቱን ለእኛ ይተዉ።» እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ የበላሁት በእንዴትነቱ ነበር።

ለሁሉም ነገር ማክሮ አለ። ሰው ሲታመም «ጥየቃ!» ብለህ ስሙን ቅንፍ ውስጥ ታስገባለህ፤ የታመመው ሰው በር ላይ ብርቱካን የያዘ ምስልህ ቆሞ «እግዜር ይማርህ» ይላል። አንተ ቤትህ እግርህን ታሞቃለህ። ሰው ሲሞት «ለቅሶ!» አለ፤ ምስልህ ሦስት ቀን አቀርቅሮ ይቀመጥልሃል። ባለፈው ዓመት እታች ሰፈር አንዷ የልጇን ሰርግ ስትጽፍ ቅንፉን ሳትዘጋ ቀረች። ቀጥሎ የተጻፈው የጎረቤት ለቅሶ ሰተት ብሎ ሰርጉ ውስጥ ገባ። ሁለት ቀን ሙሉ ሙሽሮቹ በር ላይ ደረታቸውን ሲደቁ ታዩ፤ የሰዉ ምስል ደግሞ እየመጣ «ነፍስ ይማር፣ አብሮ ያስረጃችሁ» ይላል። ፈታሹ ምንም አላለም። መጨረሻ ላይ ቅንፉ በለቅሶው ቅንፍ ተዘግቶ ነበርና፣ ለእሱ ሁሉም ነገር ልክ ነው።

ፈታሹ ማለት የምንጽፈውን ሁሉ ከመታየቱ በፊት የሚመረምረው ነው። የተማሩት ኮምፓይለር ይሉታል። ጨዋ ነው፤ ከሰው ይልቅ ጨዋ ነው። ስትሳሳት አይሰድብህም። «ምናልባት ሊሉ የፈለጉት እንዲህ ይሆን?» ይልሃል። እኔን በሕይወቴ ምን ልትል ፈልገህ ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ለዚህ ነው የተሸወድኩት።

ታኅሣሥ ነበር። ታኅሣሥ በደብረ ብርሃን ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ማታ በባልዲ ውሃ ደጅ አስቀምጦ ጠዋት ይየው። እሁድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለን በሩ ማንም ሳይነካው ወለል ብሎ ተከፈተ። ጥያቄ ሲመጣ እንዲህ ነው። የጠያቂውም የተጠያቂውም ቤት በር ይከፈታል፤ መልስ እስኪሰጥ ድረስ አይዘጋም። ጭጋጉ ሳይጠራ ገባ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል።

«ለጉዳይ ነው የመጣነው» አለ የመሀከለኛው።

እነዚህን ሽማግሌዎች ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል። ነጭ ጋቢ፣ ጭራ፣ የመሀከለኛው ደግሞ ትንሽ ሳል አለው። «ሽማግሌ!» ብለህ ስትጽፍ ማክሮው የሚያወጣቸው እነሱን ነው። የጎረቤቴን የዘርጋውን የእህት ልጅ የጠየቁትም እነሱ ናቸው። እዚያም የመሀከለኛው ሲስል ነበር።

«ግቡ፣ አረፍ በሉ» አልኩ። ወጉ ነዋ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ቢቀመጡስ የት ሊቀመጡ።

«ከኢንጂነር ልሳነወርቅ ቤት ነው የተላክነው። ልጅዎን ሶስናን ለልጃቸው ለኢዮስያስ እንዲሰጡን ነው።»

የልሳነወርቅ ስም ሲጠራ ሻዬን አስቀመጥኩ። ይህ ሰው ከተማው የሚኮራበት ሰው ነው። የምንጽፋቸውን ማክሮዎች የሠራው እሱ ነው። እኔ የማውቀው ግን በሌላ ነው። ድሮ፣ ሁላችንም ጎልማሶች ሳለን፣ የአንድ ጎረቤታችንን ልጅ ለማጨት ሽማግሌ ይመረጥ ነበር። ኢንጂነሩ መሀል ቆሞ በጣቱ እየጠቆመ «አንተ፣ አንተ፣ አንተ» ይላል። እኔ ጋ ሲደርስ ጣቱ ታጠፈ። «ማንያዘዋል፣ አንተ እዚህ ቆይ፤ በር ጠብቅ» አለኝ። ሰው ሳቀ። በሩን የሠራሁት እኔ ስለነበርኩ ነው የሳቁት። ጠበቅኩ። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ማንም አላስታወሰኝም። ከዚያ ወዲህም ሰው ሽማግሌ ሲፈልግ እኔን አልፎ ነው የሚሄደው። ያቺን ቀን በየበዓሉ ለቤተሰቤ አወራለሁ፤ ሚስቴ አሰገደች መሀል ላይ ተነስታ ሳህን ማንሳት ትጀምራለች።

እና ያ ሰው ዛሬ ከእኔ በር ላይ ፈላጊ ሆኖ ቆመ።

ሶስና ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለች። እሷና ኢዮስያስ አንድ የችግኝ ጣቢያ ነው የሚሠሩት፤ ከተዋወቁ ቆይተዋል፤ እኔም አውቃለሁ፤ እንደማላውቅ ሆኜ እኖራለሁ።

«አባዬ፣ እሺ በል በቃ።»

«በመጀመሪያ ቀን? ከመንገድ ነው እንዴ ያገኘሁሽ?»

«ዛሬ ማን ነው ሽማግሌ የሚያመላልሰው?»

«እኔ።»

«እሺ በላቸው አንተ ሰውዬ» አለች አሰገደች፣ ነጠላዋን እያጣፋች፤ «ብርዱ ገባ።»

የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያ ቀን እሺ አይልም። ይህን የማያውቅ ድሮ አልነበረም። ልጁ የተናቀች እንዳትመስል ሽማግሌዎቹን ይመልሳል፤ እነሱም ይመለሳሉ፤ ሲመጡ ሲሄዱ ሁለቱ ቤት ይተዋወቃል። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ልሳነወርቅን ማመላለስ አምሮኛል። አሁን የእሱም በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ብርዱ እየገባበት እንደሆነ አስቤ በሆዴ ሞቀኝ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ አባቴ ይለው በነበረው ድምፅ፣ «ከዘመድ እንማከርበት። ለሚመጣው እሁድ ተመለሱ» አልኩ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ባሉበት ደረቁ። የመሀከለኛው ሳል ግማሽ ላይ ቀረ። ሰሌዳው ቀላ።

ስህተት፦ «ከዘመድ እንማከርበት» እዚህ ቦታ ላይ አይጠበቅም።
የሚጠበቀው፦ እሺ ወይም እምቢ።
እርዳታ፦ ምናልባት ሊሉ የፈለጉት «እምቢ» ይሆን?

«ከዘመድ፣ እንማከርበት» አልኩ እየቆራረጥኩ። ያው ስህተት መጣ። ጮህኩ። ያው። ከመንገድ ማዶ ዘርጋው አንገቱን አሰገገ። ሻዩ በረደ፣ አሰገደች ታስላለች፣ ሶስና ክንዴን ይዛ «አባዬ፣ እባክህ» ትላለች። በሩ አጠገብ በባልዲ ያለው ውሃ የበረዶ ቆዳ አወጣ።

እኔ ምን አሰብኩ? እምቢ ለጊዜው ነው ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌ እምቢ ሲባል ይመለሳል፤ ሽማግሌነት ራሱ እሱ አይደል? ደግሞም ፈታሹ በጨዋ ደንብ ነው የጠየቀኝ።

«እንግዲያው እሱን በል» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ እጅ ነሱ። ሰሌዳው አረንጓዴ ሆነ። «ጉዳዩ ተዘግቷል። ለሁለቱም ወገን መልካም ቀን።» በሩ ተዘጋ። ቤቱ ሞቀ።

ሰኞ ሶስና ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነበር። ችግኝ ጣቢያው አንድ በር ነው ያለው። እሷ ስትገባ ኢዮስያስ ደጅ ቀረ፤ በሩ አልከፈት አለው። እሷ ስትወጣ እሱ ገባ። ሻይ ቤት ሄዱ፤ በሩ አንዳቸውን አስገብቶ ሌላኛቸውን አስቀረ። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሄዱ፤ እንዲሁ። የተዘጋ ጉዳይ ያላቸውን ሁለት ሰዎች የከተማው በር አንድ ላይ አያስገባም፤ ለደህንነታቸው ነው ይላል። ምሳቸውን እሷ ከሻይ ቤቱ መስታወት ውስጥ እሱ ከመስታወቱ ውጭ ቆመው፣ እየተያዩ በሉ።

«እሁድ ይመጣሉ» አልኳት። «ተመለሱ ነው ያልኩት።»

እሁድ ኮቴን ለብሼ፣ ጫማዬን ቀብቼ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። አሰገደች ዳቦ ደፍታለች። ሰሌዳው «አባወራው ደስተኛ ነው» እንዳለ ዋለ። ዳቦውን ማንም አልቆረሰውም። ሲመሻሽ ሶስና መጥታ አጠገቤ ቆመች። ትንሽ አየችኝ።

«አባዬ፣ በር ጠብቅ አይደል ያለህ? ይኸው ጠበቅክ።»

ልጄ ናት፤ የት እንደሚያም ታውቃለች። ኮቴን አወለቅኩ።

በማግስቱ ቀበሌ ሄድኩ። የእይታ ክፍል የሚባል አለ። ያቺ የዘጋችብኝ ልጅ ናት የተቀመጠችው፤ በድምፅዋ አወቅኳት፤ እሷ አላወቀችኝም።

«ምን ይፈልጋሉ ጋሼ?»

«ነገሩ እንዴት መሰለሽ፣ ባለፈው እሁድ…»

«እንዴት አይደለም ጋሼ። ምን።»

«ልጄ እንድታገባ።»

«ጎሽ፣ እንደሱ ነው» አለችና ጻፈችው። ሰሌዳዋ ቀላ። «ይኸውልዎት፤ የተሰጠ ጥያቄ ነው፤ የተሰጠ ነገር ድጋሚ አይሰጥም ይላል።»

«ምን ማለት ነው?»

«የኢንጂነሩ ቤት ጥያቄውን ለእርስዎ ሰጠ። እርስዎ መልሰው ጨረሱት። ስለዚህ እነሱም ጋ የለም፣ እርስዎም ጋ የለም።»

«ታዲያ የት ነው ያለው?»

«የትም የለም። ራስት እንዲህ ነው፤ ከተማው የማይወድቀው ለዚህ እኮ ነው።»

ከተማው አለመውደቁ ደስ እንዳለኝ ነገርኳት። «ታዲያ ሦስተኛ መልስ ለምን አትጨምሩበትም? እሺ፣ እምቢ፣ ተመለሱ። አንዲት ቃል ናት።»

ሳቀች፤ የክፋት ሳቅ አይደለም፤ የሚያዝን ሳቅ ነው፤ እሱ ይብሳል። «ጋሼ፣ አንዲት መልስ ከተጨመረች የከተማው በር ሁሉ ያቺን መልስ ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ መነገር አለበት። አንድ በር ሳይነገረው ከቀረ ሁሉም አንከፈትም ይላሉ። ሐኪም ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ እስር ቤቱም።»

«እስር ቤቱ ድሮስ መቼ ይከፈታል።»

አልሳቀችም። «ያለው መንገድ አንድ ነው። እርስዎ ይጠይቁ።»

«የሴት አባት? እኔ ሽማግሌ ልላክ?»

«ማክሮው ወንድ ሴት አያውቅም። ጠያቂና ተጠያቂ ነው የሚያውቀው። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እነሱም እምቢ ካሉ ከሁለቱም ወገን የተዘጋ ይሆናል። እሱ አይከፈትም።»

«ማን ነው እንዲህ አድርጎ የጻፈው?» አልኳት። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዚያ ቢሮ ውስጥ ሲነገር መስማት ፈልጌ ነው።

«ኢንጂነር ልሳነወርቅ ናቸዋ! ሐውልታቸውን አላዩም?»

አይቻለሁ። በቁሙ ሐውልት የቆመለት ሰው ነው።

ቤቴ ስመለስ እያሰብኩ መጣሁ። ማክሮው ያወጣቸውን እነዚያን ሦስት ሽማግሌዎች ብልክበት፣ እሱ ያን ሳል ሲሰማ፣ ባለፈው የተባለው ትዝ ይለውና እምቢ ይላል። እኔ ብሆን እላለሁ። አንድ ዕድል አለኝ፤ እሱንም ለሚስል ሥዕል መስጠት አልፈለግኩም። ወደ ዘርጋው ተሻገርኩ። ዘርጋው ጡረታ የወጣ የጥበቃ ሰው ነው፤ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

«ሽማግሌ ሁነኝ» አልኩት።

«እኔ? ለማን?»

«ለእኔ። ልሳነወርቅ ቤት። በእግር።»

«በእግር!» ዙሪያውን አየ። «ምን ተብሎ ነበር የሚገባው? ረሳሁት እኮ።»

«ለጉዳይ ነው የመጣነው ትላለህ። ግቡ ይሉናል። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ትላለህ።»

«እግሬን ያመኛል፤ ልቀመጥ ቢያሰኘኝስ?»

«አትቀመጥም።»

«ሦስተኛው ማነው?»

«የደብራችን ቄስ ሞገሴ፤ ስመለስ ጠይቄያቸው እሺ ብለዋል። አንተ፣ እሳቸው፣ እኔ።»

«አባትም ሽማግሌም አንድ ሰው ይሆናል?»

«ሌላ ሰው አለህ?»

አሰበ። «የለኝም።»

«እንግዲያው ይሆናል።»

እሁድ ጠዋት ሦስታችን ወጣን። ቄስ ሞገሴ በመቋሚያቸው ውርጩን እየወጉ ከፊት ይሄዳሉ። መንገዱ ላይ በየበሩ ምስሎች እርስ በርስ ሰላም ይባባላሉ፤ ሰው ግን የለም። አንዱ በር እኛን አይቶ «የጠፋ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀን። ሦስት ሰው አብሮ በእግር ሲሄድ ካየ ቆይቷል።

የኢንጂነሩ በር «ባለቤቱ በሐሳብ ላይ ናቸው» ይላል።

«ምን ይፈልጋሉ?» አለ በሩ።

ዘርጋው ወደፊት ወጣና «ለጉዳይ ነው የመጣነው» አለ፤ ከዚያ ሳለ። ሳሉን እኔ አላስተማርኩትም። ከበር ላይ እያየ ለምዶት ነው።

«እባክዎ ሽማግሌ! ብለው ይጻፉ።»

«ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ እኛ ነን» አሉት ቄስ ሞገሴ።

«ስህተት። ሽማግሌ የሚወጣው ከማክሮ ነው። ምናልባት ሊሉ የፈለጉት…»

ከዚያ በላይ አላስጨረስኩትም። ከሰሌዳው ጎን የላሜራው ጠርዝ ብቅ ብሏል፤ የእኔ ብየዳ ነው፤ ዝጎ አየሁት። በቁልፌ መታሁት። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተነሳ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከውስጥ መቀርቀሪያ በእጅ ሲሳብ ተሰማና ኢንጂነር ልሳነወርቅ ራሱ ወጣ። በፒጃማው ላይ ብርድ ልብስ ደርቧል። አርጅቷል። ሐውልቱ ይበልጠዋል።

«ማነው? ምንድነው?» ከዚያ እኔን አየ።

«ለጉዳይ ነው የመጣነው» አለ ዘርጋው፣ አሁን ሳይስል።

«ግቡ።» ከአፉ ያመለጠው ይመስላል።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ቄስ ሞገሴ መቋሚያቸውን ተከሉ። «እንግዲህ ኢንጂነር፣ ልጅዎን ኢዮስያስን ለማንያዘዋል ልጅ ለሶስና እንዲሰጡን ነው። ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል፤ የገለበጥነው እኛ አይደለንም።»

በሩ ሰምቷል። በር ሁሉን ይሰማል። «ጥያቄ ተመዝግቧል፤ ከማንያዘዋል ቤት። እሺ ወይስ እምቢ?» አለና ወለል ብሎ ተከፈተ። ውርጩ ከእኛ ቀድሞ ገባ። ከውስጥ ኢዮስያስ ሲሮጥ መጥቶ ከአባቱ ጀርባ ቆመ። ቀጭን ልጅ ነው፤ ጥፍሩ ውስጥ የችግኝ አፈር አለ።

ኢንጂነሩ እኔን ብቻ ያያል። «እምቢ ብለኸኝ ነበር» አለኝ።

«አላልኩም። ከዘመድ እንማከርበት ነው ያልኩት። እምቢ ያለው በርህ ነው።»

ብርድ ልብሱን ሳበ።

«ያቺን መልስ እኔ ነኝ ያወጣኋት» አለ ቀስ ብሎ። «ነበረች። መጀመሪያ ስጽፈው ሦስት ነበር መልሱ።»

«ለምን አወጣሃት ታዲያ?»

«እኔ ሚስቴን ሳስጠይቅ ሦስት ጊዜ ነው ሽማግሌዎቼ የተመለሱት። አጥሩ ጥግ ተደብቄ እሰማ ነበር። ዝናብ ነበር። አማቼ እንዲቀመጡ እንኳ አላለም፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው ብሎ ንቆኝ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ እኔ የሆነ ነገር የምሠራ ሰው ከሆንኩ፣ ማንም እንዲህ አይቆምም ብዬ ማልኩ።» ወደ ሰሌዳው ጠቆመ። «ማንም አይቆምም። ወይ ይገባል፣ ወይ ይሄዳል።»

እንግዲህ ከተማው በሙሉ በአንድ ሰው ቂም ነው የሚኖረው ማለት ነው። ያውም የእኔ ባልሆነ ቂም።

«እኔ ሽማግሌ ሆኜ ቆሜ አላውቅም» አልኩት። «የሚያቆመኝ አጥቼ። አንተ ነህ እዚህ ቆይ፣ በር ጠብቅ ያልከኝ።»

«እኔ? መቼ?»

መቼ አለኝ! እያሾፈ አይደለም። ፊቱን አየሁት፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ስንት በዓል ያወራሁት፣ ስንት ሳህን የተነሳበት ነገር፣ እሱ ጋ የለም። የትም የለም።

«አባ፣ እሺ በላቸው በቃ» አለ ኢዮስያስ። አነጋገሩ ቁርጥ ሶስናን ነው።

ልሳነወርቅ ወደ ልጁ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ። ምን እንደያዘው ገባኝ፤ እኔ ካልገባኝ ለማን ይገባል? እምቢ ቢል ልጁን መስታወት ውጭ ቆሞ ምሳ ሲበላ ሊያኖረው ነው። እሺ ቢል ደግሞ በመጀመሪያ ቀን፣ እምቢ ላለው ሰው፣ በፒጃማ፣ እሺ ማለት ነው። የተናቀ ይመስላል። የሚፈልጋት መልስ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷን ራሱ አውጥቷታል። በሩ «እሺ ወይስ እምቢ?» ይላል። የኢንጂነሩ ጥርስ በብርዱ ተንቀጫቀጨ። ዘርጋው እግሩን እየቀያየረ ይቆማል፤ ግን ቆሟል። እኔ እጄን አጣምሬ መሬት መሬት አየሁ። ሶስና በዓይኔ መጣች፤ እምቢ ካለ ምን ብዬ ቤት እገባለሁ?

ኢንጂነሩ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ እንደ ጋቢ አስተካከለ። ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ የራሱ አልነበረም፤ የአማቹ ሳይሆን አይቀርም።

«ከዘመድ እንማከርበት» አለ። «ለሚመጣው እሁድ ተመለሱ።»

ሰሌዳው ቀላ። «ስህተት፦ ከዘመድ እንማከርበት እዚህ ቦታ ላይ አይጠበቅም። ምናልባት ሊሉ የፈለጉት እምቢ ይሆን?»

«ዝም በል» አለው ልሳነወርቅ።

«ስህተት፦ ዝም በል እዚህ ቦታ ላይ አይጠበቅም።»

እጅ ነስተን ወጣን። ጥጉን ታጠፍን። ዘርጋው «አያችሁ? አልተቀመጥኩም» አለ።

ቤቴ ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አሰገደች ሁለት ብርድ ልብስ ተከናንባ ደፉ ላይ ቆማለች፤ ሶስና ከኋላዋ ናት፤ ትንፋሿ ይጨሳል።

«ምን አለ?» አለች አሰገደች።

«ለእሁድ ተመለሱ አለ።»

አሰገደች እልል አለች። መንገዱን ሙሉ የሚሰማ እልልታ ነው። በሩ «ይህ ድምፅ ሰርግ ነው ወይስ አደጋ?» ብሎ ጠየቀ።

ይኸው እንግዲህ አልተዘጋም። ያልተመለሰ ጥያቄ ያለበት በር አይዘጋም፤ የእኛም የእነሱም እስከ እሁድ ክፍት ነው። ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ ለብሶ ይበላል። መጀመሪያ የገቡት ድመቶች ናቸው። ከዚያ በእግሯ ስትመጣ አይቻት የማላውቅ የማዶዋ ጎረቤት «አደጋ ነው እንዴ?» ብላ ገባችና እስኪመሽ አልወጣችም። ዘርጋውማ በየቀኑ ነው፤ አሁን ይቀመጣል። ሰው ሲበዛብኝ አልወድም፤ ግን ተቀመጡ አልኩ።

ረቡዕ ኢዮስያስ መጣ። ደፉ ላይ ቆሞ በሩን አየው፤ በሩም እሱን አየው። ክፍት በር የሚከለክለው ሰው የለም። ገባ። ሶስና ቦታ ለቀቀችለት፤ ከብርድ ልብሷም ግማሹን።

«እሁድ ገና ነው» አልኩት ኮስተር ብዬ። «ወጉ አይደለም።»

«በሩ ክፍት ሆኖ ነው፣ አባባ።»

ምን ይባላል። አሰገደች ዳቦ ቆረሰችለት።

ወንበሬን አንስቼ ወጣሁና ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ውርጩ ጆሮዬን ይቆርጣል። ሰሌዳው ከጎኔ ሆኖ በየጊዜው «መልሱ እሺ ነው ወይስ እምቢ?» ይለኛል፤ እኔም «እሁድ» እለዋለሁ። በዚያ ያለፈው ሁሉ ቆም እያለ «ማንያዘዋል፣ በዚህ ብርድ ደጅ ምን ትሠራለህ?» ይለኛል።

«በር እየጠበቅኩ ነው» እላለሁ።